የእትዬ ዙሀራ ቤት ከመዝገቡ ጋር እንዲጣጣም ስለ መታረሙ

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በደብዳቤ ይጀመራሉ። የማዘጋጃ ቤታችን ታላቅ ሥራም የተጀመረው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ከበላይ አካል በመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር፤ በውስጡ ያለው ዐረፍተ ነገር ግን አንድ ብቻ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ሽፈራው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ባጭሩ፣ እያንዳንዱ ከተማ በወሰኑ ውስጥ የሚገኙትን «የሙከራ ሥነ ሕንፃና የቦታ አደረጃጀት ምርጥ ተሞክሮዎች» ለይቶና ቀምሮ ዲጂታል ቤተ መዛግብት እንዲያቋቁም ታዟል።

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ግሩም ደብዳቤ ነው» አሉ። «ምን ማለቱ ነው?»

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከደብረ ሲና ጥምዝምዙን ወርዳችሁ፣ ሹራባችሁን አውልቃችሁ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ ወደ ካራቆሬ ስትጓዙ ሾፌሩ ፍጥነት የማይቀንስላት ከተማ እሷ ናት። ሽንኩርት ይበቅልባታል፣ ማሾ ይበቅልባታል፣ ስብሰባም ይበቅልባታል። ሙቀቷን ለማያውቅ ሰው መንገር ልፋት ነው። መጋቢት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያችን ራሱ እየተንጣጣ ያማርራል።

የደብዳቤውን ትርጉም ለማግኘት ሁለት ቀን ተሰበሰብን። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባው አስፈላጊ መሆኑ ላይ መግባባት ላይ ደረስን። በሁለተኛው ቀን አቶ ሽፈራው ተነስተው «ሙከራ ማለት ያልተጠናቀቀ ማለት ነው» ሲሉ አብራሩ። በዚህ ትርጉም ከሄድን ከተማችን በአገሪቱ ቀዳሚ እንደምትሆን ለሁላችንም ወዲያው ታየን። ከስድስት ዓመት በፊት የተሠራውና በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ገብቶ መዝጋት የማይቻለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በሙሉ ድምፅ ተመዘገበ። ወንዙ ክረምት ላይ መንገዱን ቀይሮ ጥሎት ስለሄደ ደረቅ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመው ድልድያችንም «ውኃ የማያስፈልገው ድልድይ» ተብሎ ተከተለ። ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር ጽጌ እጇን ስታወጣ።

ጽጌ የኮምፒውተር ባለሙያችን ናት። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስትሆን እውነት የመናገር ልማድ አለባት፤ ይኸው በሦስት ተከታታይ ግምገማዎች «የልምድ ማነስ» ተብሎ ተይዞባታል። የዚያን ቀንም «እውነተኛ ሙከራ ከፈለጋችሁ የእትዬ ዙሀራን ቤት ለምን አታዩም?» አለች።

ቤቱን ማን ያጣዋል? ለማፍረስ ባዘጋጀነው የሕገ ወጥ ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር አንድ ላይ የሠፈረው እሱ ነው።

እትዬ ዙሀራ ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጥቂት ፍየሎችና በጓሮ ሽንኩርት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ የተካበ ነው። ጣሪያው እንጨት ተረብርቦ፣ የማሽላ አገዳ ተነጥፎበት፣ አፈር የተደለደለበት ነው። በሩ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ወደ ጋራው ዞሯል። በግድግዳው ግርጌና አናት ደግሞ የተሰበረ እንስራ አንገት እየተሰካ ቀዳዳ ወጥቶለታል፤ ንፋሱ በታች ይገባል፣ በላይ ይወጣል። እናታቸው አርጎባ ስለነበሩ የካቡን ሙያ ከእናታቸው ወገን ወርሰውታል፤ የእንስራውን አንገት ግን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። በየቀዳዳው የጥጥ ክር ያንጠለጥላሉ። ክሩ ካልተወዛወዘ ቀዳዳውን ይደፍኑና ሌላ ቦታ ይከፍታሉ። አንዱን ግድግዳ እንዲህ እያሉ ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሠርተውታል። ውጭ ሰው ሲቃጠል እዚያ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ነጠላውን ይደርባል።

ታዲያ ለምን ይፈርሳል ብትሉ፣ በከተማው ፕላን መሠረት ማንኛውም ቤት ፊቱን ለአስፋልቱ መስጠት አለበት። የሚያልፍ ባለሥልጣን የቤት ጀርባ እንዳያይ ነው።

አቶ ሽፈራው አስተዋይ ሰው ናቸውና በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መቱ። ቤቱ በቤተ መዛግብቱ ከተመዘገበ ተሞክሮ ይሆናል፤ ተሞክሮ ደግሞ አይፈርስም፣ እንዲያውም ካርታ ይሰጠዋል። ይህን ለእትዬ ዙሀራ ሄደን ስንነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያለ ካርታ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር አፍራሽ ግብረ ኃይል የመጣ ይመስላቸዋል።

«ካርታዬን ብቻ ስጡኝ» አሉ። «ቤቴን የፈለጋችሁትን ስም አውጡለት።»

በኅዳር ኮምፒውተሩ መጣ። በቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር ተተክሎ ጠዋት ይሠራና አራት ሰዓት ሲሆን በሙቀቱ ራሱን ያጠፋል። ማዘጋጃ ቤታችን ከእኛ ቀድሞ ሥራ የሚያቆም ነገር አይቶ ስለማያውቅ በጣም ተደናገጥን። በጥናት ላይ በተመሠረተ ውሳኔ ኮምፒውተሩ «ለጊዜው» ወደ እትዬ ዙሀራ ቤት ተዛወረ። እሳቸውም በሻሽ እየሸፈኑ እንደ አራስ ይጠብቁት ጀመር። ከሳምንት በኋላ ወንበር ተከተለ፣ ከወንበሩ ጋር ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ጋር አቶ ሽፈራው። እውነቱን ለመናገር፣ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ሦስት ወር ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አቶ ሽፈራውም ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዕቅድ ሲያቅዱ ይውሉ ነበር። እትዬ ዙሀራ ቀዝቃዛ ውኃ እየቀዱ ያጠጡናል፤ አንድ ቀን እንኳ ውጡልኝ አላሉንም።

ችግሩ የመጣው ቤቱ ሊመዘገብ ሲል ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ ከላይ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጭኖ የመጣ ነው። «የጣሪያ ዓይነት» ይላል፤ ምርጫው ሁለት ነው፤ «ቆርቆሮ» እና «ሌላ»። «ሌላ» ሲባል የኮምፒውተሩ መስታወት ይቀላና «ስህተት ፈጽመዋል» ብሎ ይጽፋል። የበር አቅጣጫ ከ«ወደ መንገድ» ሌላ አይቀበልም። መስኮት ከአራት ካነሰ አያሳልፍም። ጽጌ ወደ ላይ ደውላ ብትጠይቅ ቅጹ በጥናት የተዘጋጀ መሆኑ ተገለጸላት። ሁለት ሳምንት ታገለችው። የሪፖርቱ ቀን ሲደርስ አቶ ሽፈራው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «ቆርቆሮ በይውና እለፊ፤ ኮምፒውተር ዓይን የለው» አሏት።

እሷም ቆርቆሮ አለችው። በሩን ወደ መንገድ አዞረችው፣ አራት መስኮት አወጣችለት። ዲጂታሉን ቤተ መዛግብት በሦስት ቅጂ አተምነው፤ በየገጹ ማኅተም መታንበት፤ በሚያልፍ አውቶብስ ላክነው።

በየካቲት መጨረሻ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ከአካባቢው ከተሞች አንደኛ ወጥተናል። ምዝገባውን በወቅቱ ያጠናቀቀ ሌላ ከተማ ስላልነበረ ፉክክሩ ብርቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። በተለይ «የእትዬ ዙሀራ ሞዴል ቤት» ስለተደነቀ አንድ ልዑክ መጋቢት ላይ መጥቶ ካርታውን በክብር ያስረክባል፤ ተሞክሮውንም ይወስዳል። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ግን ልዑኩ «መዝገቡን መሬት ላይ ካለው እውነታ ጋር እንደሚያመሳክር» ይጠቁም ነበር።

ያን መስመር ሳነብ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ የአፈሩን ጣሪያ አየ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የተሰበሰብነው እዚያው እትዬ ዙሀራ ቤት ነው፤ እሳቸው ፍየል ሊያግዱ ወጥተዋል። ጽጌ መዝገቡ ይታረም አለች። አቶ ሽፈራው እንደ አባት በትዕግሥት አስረዷት። መዝገቡ ታርሞ እንዲላክ መጀመሪያ ተሳስተናል ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ተሳስተናል ካልን ግምገማ አለ፤ ግምገማ ካለ ግለ ሂስ አለ፤ ግለ ሂሱ ከማን እንደሚጀምር ደግሞ ይታወቃል።

«ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ማረም ማኅተሙን መናቅ ነው» አሉ። «ቤቱ ላይ ማኅተም አለ? የለም። እንግዲህ ወረቀትና ቤት ሲለያዩ የተሳሳተው ቤቱ ነው።»

ይህን ቃል በቃል በቃለ ጉባኤው ላይ አሠፈርኩት። ቤቱ ከመዝገቡ ጋር እንዲጣጣም እንዲታረምም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጽጌ እጇን አላወጣችም፤ ሙሉ ድምፅ የሚቆጠረው ግን ካወጡት ነው። እኔ አወጣሁ። የእንስራው አንገት ጀርባዬን እያቀዘቀዘው እጄን አወጣሁ። አፍሬበታለሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እትዬ ዙሀራ ሲመለሱ አቶ ሽፈራው ቆመው ተቀበሏቸው።

«እትዬ ዙሀራ፣ ቤትዎን ልናሻሽልልዎ ነው።»

«ምኑ ተበላሸና?»

«ከመዝገቡ ጋር ልዩነት ታይቶበታል።»

«ታዲያ መዝገቡን አስተካክሉታ። እኔ ሴትዮዋ ድንጋይ ተሸክሜ ሦስቴ ያፈረስኩ፣ እናንተ አንድ ወረቀት መቅደድ ያቅታችኋል?»

«ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል።»

«ቤቴ ደግሞ እዚህ ነው ያለው።»

አቶ ሽፈራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያልታረመ ቤት ከመዝገብ እንደሚወጣ፣ ከመዝገብ የወጣ ካርታ እንደማያገኝ፣ ካርታ የሌለው ደግሞ ተራ ቁጥር አንድ ላይ እንዳለ አስታወሷቸው። እትዬ ዙሀራ አንድ በአንድ አዩን። ሦስት ወር ጥላቸው ሥር የተቀመጥን፣ ውኃቸውን የጠጣን ሰዎች ነን። እኔ ጋ ሲደርሱ ወረቀቴን አገላበጥኩ።

«አላህ ያለው አይቀርም» አሉ በመጨረሻ። «አፍርሱት። ድንጋዩን፣ አፈሩንና የእንስራውን ስባሪ ግን ማንም እንዳይወስድብኝ፤ ለፍየሎቼ እፈልገዋለሁ፤ አንቱንም ካስቸገረዎ ይንገሩኝ።»

አላስቸገረም። የልማት ሠራዊታችን ተንቀሳቅሶ ቤቱን በዘጠኝ ቀን አረመው። አፈሩ ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ። በሩ ከጋራው ዞሮ አስፋልቱን አየ። የእንስራው ቀዳዳዎች ተደፍነው አራት መስኮቶች ተከፈቱ፤ ከአራቱ ሦስቱ ፀሐይ የሚገባባቸው ናቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደዚያው ቤት መለስን። እትዬ ዙሀራ አንድ ቀን ውለውበት ወጡ። ወንድማቸው ሰዲቅ እያገዛቸው ከጓሮ በኩል በተጣለው ድንጋይ የፍየል ቤት ካቡ፤ ጣሪያውን አፈር አለበሱ፤ በሩን ወደ ጋራው አዞሩ፤ የእንስራውን አንገቶች እየሰኩ ክራቸውን አንጠለጠሉ። ፍየሎቹን በአንድ ወገን፣ አልጋቸውን በሌላው ወገን አደረጉ። ሞዴል ቤት ያላት ሴት ከፍየል ጋር ማደሯ ጥቂት ቢያሳዝነንም ሪፖርቱ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ልዑኩ በመጋቢት አጋማሽ ከደጋ መጣ። ሰባት ሆነው፣ ሰባቱም ኮትና ከረባት አድርገው ነበር። የልዑኩ መሪ ረዥም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ንግግር ተደረገ፤ ካርታው ለእትዬ ዙሀራ ተሰጠ፤ እሳቸውም ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ማመሳከሩ ቀጠለ። ጣሪያ ቆርቆሮ፤ ልክ። በር ወደ መንገድ፤ ልክ። መስኮት አራት፤ ልክ። መቶ በመቶ ተጣጣመ። ቤቱ ውስጥ ሰው መቀመጥ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ስላልነበረ ማንም አልጠየቀም። ቀጥሎ ዲጂታሉ ቤተ መዛግብት እንዲጎበኝ ተጋበዘ። ጽጌ ቁልፉን ተጫነች፤ ኮምፒውተሩ አንዴ ጮኸና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

«የታተመው አለ አይደል?» አሉ የልዑኩ መሪ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«በሦስት ቅጂ አለ» አልኩ።

«እንግዲያው ዲጂታሉ ደህና ነው።»

ይህን ብለው ጉልበታቸው ከዳቸው። ሙቀቱ ነው። እትዬ ዙሀራ ቀድመው ክንዳቸውን ያዙና «ጎንበስ በሉ፣ ጎንበስ ብለው ይግቡ» እያሉ ወደ ፍየሎቹ ቤት አስገቧቸው። እኛም አንድ በአንድ አጎንብሰን ተከተልን። ፍየሎቹ ቦታ ለቀቁልን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ ቆይተው የልዑኩ መሪ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እጃቸውን ወደ አንዱ የእንስራ አንገት ዘረጉና ንፋሱን ዳሰሱት።

«በስመ አብ» አሉ። «ይህ ነው ተሞክሮ ማለት። በመዝገቡ ስንት ቁጥር ነው?»

«አልተመዘገበም» አሉ አቶ ሽፈራው ቀስ ብለው።

የሰውዬው ፊት ከሰው ፊትነት ወደ ልዑክ መሪነት ሲመለስ አየሁት።

«ካልተመዘገበ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው። ይፍረስ።»

እትዬ ዙሀራ የውኃውን ጣሳ እንደያዙ ቆመው ነበር። «አሁን ነው፣ ወይስ ከተነሳችሁ በኋላ?» አሉ።

የልዑኩ መሪ በእንስራው አንገት ፀሐይዋን አዩዋት። «ከተነሳን በኋላ» አሉ። የተነሱት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

በማግስቱ የማፍረሻውን ትእዛዝ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ያው ቅጽ በወረቀት ተባዝቶ መጥቷል። ሕገ ወጥ ግንባታ ባለቤት አለው ስለማይባል የባለቤት ስም አይጠይቅም። «የጣሪያ ዓይነት» ይላል። እስክሪብቶዬን አንስቼ «ሌላ» ልል ነበር፤ «ሌላ» ስህተት መሆኑን ግን ማዘጋጃ ቤቱ በሚገባ አስተምሮኛል። ስለዚህ «ቆርቆሮ» አልኩ። የበር አቅጣጫ፣ ወደ መንገድ። መስኮት፣ አራት። ካርታ፣ የሌለው። አድራሻ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ቀጠና። አቶ ሽፈራው ሳያነቡ ፈረሙ፤ ሳያነቡ መፈረም በባልደረቦች መካከል የመተማመን ምልክት ነው። ማኅተሙን እኔው መታሁበት፤ ትንሽ ጠንከር አድርጌ።

ግብረ ኃይሉ ሐሙስ ጠዋት ከጎረቤት ከተማ መጣ። አለቃው ጀይላን የሚባል ቁጥብ ሰው ነው። ወረቀቱን ይዞ ቀጠናውን ሲዞር አረፈደ። በየደረሰበት ቤት ካርታ ያወጡለታል። እትዬ ዙሀራም አዲሱን ካርታቸውን ከደረታቸው አውጥተው አሳዩት። የፍየሎቹን ቤት ዞሮ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ ጣሪያው አፈር፣ በሩ ወደ ጋራው፤ ወረቀቱ እሱን አይልም። በመጨረሻ አስፋልቱን ተሻግሮ ለወራት ባዶ ወደነበረው ማዘጋጃ ቤታችን መጣ፤ የእትዬ ዙሀራ ቤት ከታረመ ወዲህ ጠረጴዛችንን ወደዚያ መልሰን ነበር። ጣሪያውን አየ። በሩን አየ። መስኮቶቹን በጣቱ ቆጠረ፤ አራት።

«ካርታ አለው?» ሲል ጠየቀኝ።

መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ በጥድፊያ ተሠርቶ፣ ለሌላው ሁሉ ካርታ ሲሰጥ ለራሱ እንዳልወሰደ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«የለውም» አልኩ።

መዶሻው አንዴ ሲያርፍ አቶ ሽፈራው እየሮጡ ወጡ። ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ እናንተ ሰዎች አብዳችኋል፣ ሊፈርስ የተባለው የፍየል ቤት ነው እያሉ ወረዱበት። ጀይላን አዳመጣቸውና ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ማኅተሙስ?»

«የእኛው።»

«ታዲያ ወረቀቱና ቤቱ ተለያይተዋል እያሉኝ ነው። የተሳሳተው የቱ ነው፣ ጌታዬ?»

አቶ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቃለ ጉባኤውን በብብቴ ይዤ ነበር፤ ላነብላቸው ዝግጁ ነበርኩ። አላስፈለገም። ወደ ጀይላን ተመለሱ።

«ጠረጴዛዬን እስካወጣ ታገሱኝ» አሉ።

እነሆ ዛሬ ማዘጋጃ ቤታችን ለጊዜው በእትዬ ዙሀራ ፍየሎች ቤት ይሠራል። ስንገባ እናጎነብሳለን፤ ፍየሎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ የሥራ ሰዓት ያበቃል። እትዬ ዙሀራ የቤታቸውን ቆርቆሮ አውርደው የሽንኩርት መደባቸውን አጥረውበታል፤ አፈሩን መልሰዋል፤ በሩንም ወደ ጋራው አዙረውታል። ባለፈው ወር ሌላ ልዑክ መጥቶ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ቆርቆሮ ይላልና የአፈሩን ጣሪያ ቀና ብሎ እያየ ቆርቆሮ ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። የሚታየው ነገር ከእንግዲህ ማንንም አያስቸግርም።

አቶ ሽፈራው ግን አሁንም ይሰበስቡናል። ትናንት ስለ ቤተ መዛግብቱ ሁለተኛ ምዕራፍ እየተናገሩ ሳለ ክፍሉ ሞቀ። እትዬ ዙሀራ ገቡ፤ ከአቶ ሽፈራው ጀርባ ያለው የእንስራ አንገት ላይ የጥጥ ክር ሰቀሉና እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። ክሩ ንቅንቅ አላለም።

ለስንት ወር አንቱ ሲሏቸው የነበሩትን ሰው አዩዋቸው።

«ሽፈራው፣ ተነስ» አሉ። «ንፋሱን የዘጋኸው አንተ ነህ።»

አቶ ሽፈራው ተነሱ። ክሩም ተወዛወዘ።